የሌለ ሰርቨር ርክክብ

፩

«ሰርቨሩን አምጪ፣ ክሊራንስሽን ውሰጂ።»

፪

ሰርቨር የለም። ያለው የትርሲት የገዛ ላፕቶፕ ነው። ሆዱ ውስጥ ግን በፕሮግራም የፈጠረቻቸው፣ ኮምፒውተር ነን እያሉ እርስ በርስ የሚጠራሩ የኔትወርክ መሞከሪያዎች አሉ። በሪፖርቷ «አንድ አዲስ ሰርቨር ሥራ አስጀምሬአለሁ» ብላ ጉራዋን ነፋች። ንብረት ክፍል አንብቦ በስሟ መዘገበው።

፫

ሰኞ አዲስ መሥሪያ ቤት ትገባለች። ከዚህኛው «የእጇን ንብረት መልሳለች» የሚል ክሊራንስ ሳትይዝ ደጁን አትረግጥም።

፬

ትርሲት፦ ጋሽ ጥላዬ፣ ሰርቨሩ እኮ የለም።

የንብረት ክፍሉ ጋሽ ጥላዬ፦ ጠፋ?

ትርሲት፦ መጀመሪያውኑ አልነበረም!

ጋሽ ጥላዬ፦ ልጄ፣ ያልነበረ ነገር የንብረት ቁጥር አይወጣለትም። ይሄ ወጥቶለታል።

፭

ራሷን በራሷ ያስተማረች ሰው በንብረት ክፍል አትረታም። ከፈጠረቻቸው ኮምፒውተሮች በአንዱ፣ ከሩቅ መግቢያ በር ከፈተች።

፮ መመሪያ

ወንበርዎ ላይ ይቀመጡ። በራስዎ ኮምፒውተር ላይ አድራሻውን ይጻፉ። የይለፍ ቃሉን ያስገቡ።

«ገባሁ» አሉ ጋሽ ጥላዬ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው። «ሰፊ ነው?»

«ይበቃዎታል፣ ጋሼ።»

ፈረሙ። ማኅተም መቱ።

«ቁልፉ እንዴት ይቀየራል?»

መጋዘን የተረከበ ሰው ቁልፍ ይቀይራል፤ የሙያቸው ደንብ ነው። ትርሲትም ክሊራንሷን ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች፣ የይለፍ ቃል አቀያየሩን በኩራት አስተማረቻቸው።

፯

ማንም ያላስተማራት፣ ራሷም ያልደረሰችበት ነገር፦ የውሸቱ ኮምፒውተር የራሱ የሆነው አድራሻው ብቻ ነው። ፋይሉም፣ የይለፍ ቃሉም የእውነተኛው ላፕቶፕ ነው።

፰

ላፕቶፗ አላውቅሽም አላት።

ሰኞ የምታሳየው ሥራ በሙሉ እዚያው ውስጥ ነው።

፱

ትርሲት፦ ጋሼ፣ አዲሱን ቃል ይንገሩኝ።

ጋሽ ጥላዬ፦ ክሊራንስ የወሰደ ሰው ቁልፍ ምን ያደርግለታል?

ትርሲት፦ የራሴ ላፕቶፕ ነው የተቆለፈው!

ጋሽ ጥላዬ፦ ለካ ሰርቨሩ እዚህ ውስጥ ኖሯል?

ላፕቶፑን ከእጇ ተቀብለው ብብታቸው ሥር ሸጎጡት።

፲

ኮምፒውተር የምታውቁ «መላ አለው» ትላላችሁ። እሷም ታውቃለች። መላው ግን ብብት አይፈለቅቅም።

፲፩

ጋሽ ጥላዬ፦ ሰርቨሩ አለ ካልሽ፣ ተረክበናል፤ እዚሁ ይቀመጣል። የለም ካልሽ፣ ላፕቶፕሽን ውሰጂ፣ ክሊራንሱን መልሺ። አለ?

ትርሲት ክሊራንሱን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ማኅተሙን አየችና መልሳ ከተተችው፤ ላፕቶፑን አየችና እንደገና አወጣችው።