ሻምበል ሶደሬ ወረዱ

እትዬ አሳየች የእንስሳት መድኃኒት ቤታችን ደጃፍ ላይ ቆመው፣ ሻምበል ሆዳቸው ከደረቀ ዛሬ ስድስተኛ ቀናቸው መሆኑን ሲናገሩ ወረፋ ላይ የነበሩት ሁሉ ዞረው አዩአቸው። እኔም የምቆጥረውን የትል ክኒን ትቼ ቀና አልኩ። ባለቤታቸው ሻምበል ሰንበታ ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ጎረቤታችን ስለነበሩ ቀብራቸው ላይ ነበርኩ፤ ንፍሮውንም በልቻለሁ።

እትዬ አሳየች ክዳኑ በምስማር የተበሳሳ የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ወረፋውን አልፈው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡትና ከፈቱት። ውስጡ፣ የነጠላ ቁራጭ ላይ፣ አንድ ስንዝር የሚሆን እንሽላሊት ተጋድሟል። ቢጫ ነው፤ እንደ ነብር ጥቁር ነጠብጣብ አለበት። እኛ ግድግዳ ላይ እንደምናያቸው ሳይሆን የዐይን ቆብ ስላለው፣ ከምሳ በኋላ ቢሮ እንደገባ ጸሐፊ ዐይኑን ግማሽ ከድኖ ያያል።

እንስሳው የተከራያቸው የማናሴ ነው። ማናሴ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። አብሮት ይሠራ የነበረ አንድ የውጭ ዜጋ ኮንትራቱ ሲያልቅ እንሽላሊቱን ከነመስታወት ሣጥኑ ትቶለት ሄደ። በሰው አገር ይህን ዓይነቱን ቤት ውስጥ ያሳድጉታል፤ ልደትም የሚያከብሩለት አይጠፉም። ማናሴ አንድ የፈረንጅ ስም አውጥቶለት ነበር። እትዬ አሳየች ግን ስሙ አፋቸው ላይ አልገባ ሲላቸው ሻምበል አሉት። ምክንያታቸው፣ እሱም ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ ተጋድሞ ይውላል፣ ምግብ ሲመጣ አንድ ዐይኑን ይገልጣል፣ በልቶም አያመሰግንም የሚል ነው። ሻምበል ካሉት በኋላ ደግሞ አንተ ማለት አልሆነላቸውም። ሠላሳ አንድ ዓመት አንቱ ያለ ምላስ በቀላሉ አይታጠፍም።

ማናሴ ለሁለት ወር ሥልጠና አዲስ አበባ ሲሄድ እንሽላሊቱን ለእሳቸው አደራ ብሎ፣ የሚደረገውን በወረቀት ጽፎ መስታወቱ ላይ ለጥፎ ሄዷል። የሚመለሰው በሚቀጥለው እሑድ ነው። በየሳምንቱ እየደወለ ይጠይቃል፤ እሳቸውም ደህና ናቸው ይሉታል። ባለፈው እሑድም ብለውታል።

አምስት ዓመት የእንስሳት ሕክምና ተምሬያለሁ። ስለ እንሽላሊት የተማርነው ግን ለአንድ ክፍለ ጊዜ ሲሆን፣ መምህራችን ግማሹን የፕሮጀክተሩን ገመድ ሲፈልግ ጨረሰው። የቀረውን ያነበብኩት ማናሴ አንድ ጊዜ የጠየቀኝን መመለስ አቅቶኝ ሳፍር ነው። ስለዚህ እንሽላሊቱን ቀስ ብዬ አነሳሁና ገለበጥኩት። ሆዱ ተነፍቷል፤ በስስ ቆዳው ሥር ጠቆር ያለ ነገር ይታያል። አገጩን በጣቴ ጫን ሳደርገው እንደ ላስቲክ እሺ አለኝ። የጣቶቹ ጫፍ ላይ ያልወለቀ አሮጌ ቆዳ እንደ ቀለበት ተጠምጥሞ አንዱን ጣት አጥቁሮታል።

ይህን ሁሉ ሳይ ወረፋው ዝም ብሎ አልጠበቀም። ከሁሩታ የመጡት ኦቦ ጫምሳ በሬያቸው ተነፍቶ ስለነበር ጉዳዩን የራሳቸው አድርገው፣ ግማሽ ኪሎ የእንግሊዝ ጨው በጥብጦ ማጠጣት ይበቃል አሉ። እንስሳው ራሱ ግማሽ ኪሎ እንደማይሆን አንዱ ሲነግራቸው ትንሽ አሰቡና ሩብ ኪሎ አሉ። ሌላው ደግሞ «በሬ ወለደ» ዓይነት ታሪክ ጀመረ፤ አጎቱ አርሲ ነገሌ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ረግጠው ሦስት ዓመት ማንከሳቸውን።

የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ጋሽ ምልኬሳ ደግሞ ከጓሮ ሲመጡ መርፌውን ይዘው ነው የመጡት። ጋሽ ምልኬሳ ሰው መርፌ ሳያይ የሕክምና ቤት ደጃፍ ለቅቆ መሄድ የለበትም ብለው ያምናሉ። ባለፈው ወር የአንድ ሽማግሌን በግ ቫይታሚን ወግተውላቸው ነበር። በጉ ሞተ፤ ሽማግሌው ግን እጃቸውን ስመው ነው የሄዱት። አሁንም ኦክሲውን፣ ላሙንም ፍየሉንም የምንወጋበትን አንቲባዮቲክ፣ ጠርሙሱን ገልብጠው ይስቡ ጀመር።

እንሽላሊቱን ዱቄት መድኃኒት የምንመዝንበት ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። አርባ አራት ግራም። አንድ እንቁላል ይበልጠዋል። ጋሽ ምልኬሳ ቁጥሩን አዩት፤ ትንሽ እቀንሳለሁ አሉ። እትዬ አሳየችም ትንሽም ብትሆን ትወጋልኝ ብለው አገዟቸው። ወረፋው በሙሉ ተስማማ።

እኔ ብዙ ሰው ባለበት ድምፄ አይወጣም። ስለዚህ መጀመሪያ እንሽላሊቱን በእጄ ከደንኩ።

«ጋሼ፣ ይህን ከወጉት ይሞታል» አልኩ። «ሕመሙ መርፌ የሚፈልግ አይደለም። ድንጋይ ውጧል።»

ጋሽ ምልኬሳ እጄን አዩት፤ መርፌውን አዩት። ከዚያ ኦቦ ጫምሳን በሬዎ የት ነው ያለው ብለው ጠየቋቸውና መርፌውን ይዘው ወጡ።

እትዬ አሳየችን ወደ ጓሮ ወሰድኳቸውና ማናሴ የጻፈውን እንዴት እንደፈጸሙ ጠየቅኳቸው። ሁሉንም በዝርዝር ነገሩኝ፤ ምንም የሚደብቁት ነገር ያለ አልመሰላቸውም።

ወረቀቱ መኝታው ሶፍት ይሁን ይላል። እትዬ አሳየች ግን ሻምበልን የሚያህል ሰው የመጸዳጃ ሶፍት ላይ ማስተኛት ነውር ስለመሰላቸው ከወንድማቸው ብሎኬት ማምረቻ አንድ ጣሳ ፑሚስ፣ ቀላሉን የብሎኬት ድንጋይ፣ አስመጡ። አቧራውን በዱቄት ወንፊት ሁለት ጊዜ ነፍተው ካወጡ በኋላ የቀረውን የድንጋይ ድቃቂ አነጠፉለት። ወረቀቱ ፌንጣው ነጩ ዱቄት ላይ እየተንከባለለ ይሰጠው ይላል። ዱቄቱ ማብራሪያ ስላልነበረው የጉንዳን መርዝ መሰላቸውና ጣሉት። ወረቀቱ በየሁለት ቀኑ ይብላ ይላል። ይህ ግን ሁዳዴ ነው። በቤታቸው ሥጋ ከገባ አርባ ቀን ሊሆን ነው፤ ግቢው ውስጥ ያሉት ሙስሊም ተከራዮችም ረመዳንን ገና መጨረሳቸው ነበር። ሁሉ እየጾመ አንዱ ብቻ በየሁለት ቀኑ ፌንጣ ሲያላምጥ ማየት ከበዳቸው። ቢሆንም ወታደር ነው ብለው ቅዳሜና እሑድ ፈቀዱለት። በተረፈው ቀን የረጠበ ሽምብራ ያቀርቡለት ነበር። አንድም ቀን አልነካትም።

በተቻለኝ መጠን ቀለል አድርጌ አስረዳኋቸው። ነጩ ዱቄት ካልሲየም ነበር፤ አጥንት የሚያጠነክር። ያ ሲቀርበት አገጩ ለሰለሰ፤ የጎደለውን ፍለጋ ደግሞ ድንጋዩን ይልስ ጀመር። ድንጋዩ ሆዱ ውስጥ ተጠራቅሞ መንገዱን ዘጋው። ቆዳውም በጊዜው የሚወልቀው እርጥበት ያለው ጎጆ ሲኖረው ነው፤ እሷንም እቃ አበዛች ብለው አውጥተዋታል።

እንደሚቆጡኝ ጠብቄ ነበር። እትዬ አሳየች ግን የመኖ ጆንያው ላይ ተቀመጡ።

«ነፍሳቸውን ይማርና፣ እኚያንም ስድስት ቀን ቤት አስተኛኋቸው» አሉ። «ሆዴን እንዳመመኝ ለሰው እንዳትናገሪ አሉኝ፤ አልተናገርኩም። ሐኪሞቹ አንጀታቸው ታጥፎ ነበር አሉኝ፣ በሰባተኛው ቀን። ዛሬ ስድስተኛው ነው፣ ሶረቲ። ብትቆጥሪው ስድስት ነው።»

ስለ ሕክምናው ተናገርኩ። ፑሚሱ ዛሬውኑ ይውጣ፣ ሶፍት ይነጠፍ። ለብ ያለ ውኃ፣ እስከ ሆዱ ድረስ ብቻ፣ ጠዋትና ማታ ሃያ ሃያ ደቂቃ ይዘፍዘፍ። እዚያው ሆኖ ሆዱን ከደረቱ ወደ ጅራቱ በጣት ጫፍ መሳብ፤ ወደ ኋላ መመለስ የለም። በአፉ አንድ ጠብታ የወይራ ዘይት። ቆዳው ውኃው ሲያለሰልሰው በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ይነሳል፤ በጥፍር አይነካም። አንጀቱ ሲከፈት እንዲሰጡት ደግሞ ለእንቁላል ጣይ ዶሮዎች የምንሸጠውን የካልሲየም ዱቄት ሰጥቼ፣ ፌንጣውን እንዴት እንደሚነክሩበት አሳየኋቸው። ከነገ ወዲያ ካልወጣለት ግን ተስፋው ትንሽ መሆኑንም ነገርኳቸው። ይህን ስናገር ዐይናቸውን አላየሁም።

የመጀመሪያውን እጥበት እዚያው በጣሳ አደረግንለት። ምንም አልወጣም። ሻምበል ጣሳውን ተደግፎ አየን።

በማግስቱ ሥራ ከመግባቴ በፊት በቤታቸው አለፍኩ። በራቸው ዝግ ነው። ልብስ ታጥብ የነበረች ተከራይ እትዬ አሳየች ከማለዳው ሻምበልን ይዘው ሶደሬ መውረዳቸውን ነገረችኝ። ልጅቷ የተናገረችው ሰው ቁርጥማቱን ይዞ ፍል ውኃ ሄደ ለማለት በምንናገርበት ድምፅ ነው።

እኔ ለብ ያለ ውኃ ብዬ ነበር። ለእትዬ አሳየች ደግሞ በሕይወታቸው ሙሉ ለጉልበት፣ ለወገብ፣ ለሆድ፣ ልጅ ላልያዘላትም ሴት፣ የሞቀ ውኃ ማለት ሶደሬ ነው። ምንጩ ከመሬት ሲወጣ እጅ አያስገባም። አርባ አራት ግራም ሥጋ እዚያ ውስጥ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም። ስልካቸው ይጠራል፤ አይነሳም። ለጋሽ ምልኬሳ እንደማረፍድ በጽሑፍ ላክሁ፤ ደውዬ ብናገር ኖሮ ወዴት ብለው ይጠይቁኝ ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ አንድ የሽንኩርት ጆንያ ጭኔ ላይ ተደግፎ፣ ለእትዬ አሳየች የምላቸውን ቃል ስለማመድ ደረስኩ።

ያገኘኋቸው ፍል ውኃው ቀዝቀዝ እያለ ቁልቁል በሚወርድበት ቦታ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነው። ፊት ለፊታቸው አረንጓዴ ሳፋ አለ። አጠገባቸው ሁለት ትልልቅ የቀዝቃዛ ውኃ ሃይላንድ፣ ጭናቸው ላይ ዱላ። ዱላው ለጦጣዎቹ ነው። ሦስት ጦጣዎች ከዛፉ ላይ ሆነው ሳፋውን እንደ ምግብ ቤት ዝርዝር ያጠኑታል።

እጄን ሳፋው ውስጥ ከተትኩ። ለብ ያለ ነው። ልክ እንደተናገርኩት።

«ምነው፣ እቀቅላቸዋለሁ ብለሽ ነው?» አሉኝ። «አራት ልጅ በክርኔ ለክቼ ያጠብኩ ሴትዮ ነኝ።»

የተለማመድኩትን ቃል ሁሉ ዋጥኩት። ሻምበል ሳፋው ውስጥ እስከ ሆዱ ገብቶ፣ ራሱን ጠርዙ ላይ አስደግፏል። ጠዋት አንዴ ሞክረው እንዳልሆነላቸው፣ ይህ ሁለተኛው መሆኑን ነገሩኝ። ዛሬ ሰባተኛው ቀን ነው አላሉም። ጎንበስ ብዬ ሆዱን ከደረቱ ወደ ታች በጣቴ እስበው ጀመር።

ከእኛ ዝቅ ብለው ጉልበታቸውን የዘፈዘፉ ሦስት ሽማግሌዎች ነበሩ። አንደኛው፣ አቶ ወዬሳ የሚባሉ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ጡረተኛ፣ ታማሚው ምን እንደሆነ ጠየቁ። እትዬ አሳየች ድምፃቸውን ሳይቀንሱ፣ ሳያፍሩ፣ ሰባት ቀን ሙሉ ሆዱ ደርቆ እንደነበር፣ ምን ዓይነት ድንጋይ እንደዋጠና ከየት እንደመጣ ተናገሩ። አቶ ወዬሳ እሳቸውንም ሦስት ቀን እንዳስቸገራቸው ነገሯቸው። እትዬ አሳየች ውኃ በብዛት እንዲጠጡና እቤት እንዳይቆዩ መከሯቸው። ሌሎቹ ሁለቱ ሰማዩን ያዩ ጀመር።

አሥራ ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ሻምበል ጅራቱን አነሳ።

መጀመሪያ የወጣው ምስር የምታህል ግራጫ ድንጋይ ነች። ሁለት ተከተሉ። ከዚያ አሸዋው፣ ከዚያ ያ ሁሉ ሰባት ቀን የተጠበቀው ነገር፣ መጨረሻ ላይም ነጩ፣ የእንሽላሊት ሽንት፤ ነጩ ሲወጣ መንገዱ ተከፈተ ማለት ነው። በትምህርት ቤት ሕይወቴ ሜዳሊያ ወስጄ አላውቅም። ምን እንደሚሰማ ግን ያን ጊዜ የገባኝ ይመስለኛል፤ እጄ ላይ የነበረው ሜዳሊያ ባይሆንም። እልል ያለ የለም። አቶ ወዬሳ ብቻ በጥቂት ቅናት እግዚአብሔር ይመስገን አሉ።

እትዬ አሳየች በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው ቆዩ። ከዚያ ውኃውን ደፉ፣ ሳፋውን አጠቡ፣ ሻምበልን አድርቀው መዳፋቸው ላይ አስቀመጡት። አገጩ የሚጠነክረው ከወራት በኋላ እንደሆነ፣ የጠቆረችው ጣት ግን እንደማትተርፍ ነገርኳቸው። ጣት ምን አላት አሉኝ። ስልካቸውን እንዳወጣላቸው ጠየቁኝና ማናሴ ጋ አስደወሉኝ።

«ልጄ፣ ሻምበልን ልገድልብህ ነበር» ብለው ጀመሩ።

ከጉንዳን መርዙ እስከ ፑሚሱ፣ ከሽምብራው እስከ ሳፋው፣ አንድም ሳያስቀሩ ነገሩት። ባለፈው እሑድ ደህና ናቸው ያሉት ውሸት መሆኑን ሁለት ጊዜ ደጋገሙት፤ አንዱ እንዳያመልጠው። ማናሴ ሲጨርሱ በቪዲዮ ሊያየው ፈለገ።

ስልኩን ወደ መዳፋቸው አዞርኩት። ሽማግሌዎቹም ከውኃው ወጥተው፣ ሱሪያቸውን እንደሰበሰቡ፣ በስልኩ ሰላምታ ሊሰጡና ሊያዩ ከበቡን። ሻምበል ዐይኑን ሊከድን ሲል ጥላቸው ወደቀበት።

«እስቲ ከጸሐዩ ዞር በሉ» አሉ እትዬ አሳየች። «ሰውነታቸው ገና መሞቁ ነው።»

ሽማግሌዎቹ በየተራ ወደ ጎን ተጠጉ።