ባሕር ላይ የቀሩት መነኮሳት

የጣዖት ቤቶች አምዶች ተነቅለው ለቤተ ክርስቲያን ጣራ ማቆሚያ በሆኑበት በዚያ ዘመን፣ አንዲት ሸማኔ ነበረች። ፊደል አልቆጠረችም፤ ጆሮዋ ግን የተማረ ነበር። ከግድግዳው ማዶ የሚኖሩት ሽማግሌ፣ እንደ ሰፈሩ አንባቢ ሁሉ፣ መጽሐፍ የሚያነቡት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነውና፣ እሷም መወርወሪያዋን እያመላለሰች ስትሰማ ኖረች።

ኋላ ሽማግሌው ዓይናቸው ደከመና ልጃቸው ዘንድ ሊኖሩ ሄዱ፤ ያውም ንባቡን ክፉ ቦታ ላይ አቁመው። መነኮሳት የጫነች መርከብ ምሰሶዋ ተሰብሮ ማዕበሉ ሊውጣት ሲል፣ «የቀረውን ነገ» ብለው መጽሐፉን ከደኑ። ነገ ሳይመጣ የሚወስዳቸው ጋሪ መጣ።

ቤቱንም መጻሕፍቱንም የተረከበው የእህታቸው ልጅ ጸሐፊ ነው ሲባል፣ ሸማኔዋ ጆሮዋን አቁማ ጠበቀች። ትንፍሽ የለም። በመስኮት አጮልቃ ብታይ፣ ሰውየው መጽሐፉን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ገጹን ይገልጣል፤ ከንፈሩ ግን አይንቀሳቀስም።

«ማንበብ አይችልም ማለት ነዋ» አላት ባሏ፣ ክር አቅላሚው፣ እስከ ክርኑ ሰማያዊ እንደሆነ።

«ጸሐፊ ነው እኮ!»

«እንግዲያው ዝም አይነቅዝም ሲሉ ሰምቶ ይሆናል። አንቺን ምን አስጨነቀሽ?»

«ሰዎቹ ባሕር ላይ ናቸዋ! ሁልጊዜ በጸሎቴ አስባቸዋለሁ።»

«አንቺ ሴት፣ ተጽፎ ያለቀ ነገር እኮ ነው! ወይ ሰጥመዋል ወይ ደርሰዋል። ጸሎትሽ ዘግይቷል።»

«ለእግዚአብሔር አይዘገይበትም» አለችና ማር በሙቅ ውሃ በጥብጣ ወደ ጸሐፊው ሄደች። ጉሮሮውን ቢያመው ነው እንጂ፣ ጤነኛ ሰው አፉን ለጉሞ ያነባል ብላ እንዴት ትመን?

ጸሐፊው በሩን ከፈተ።

«እግዜር ይማርዎት። ይቺ ጉሮሮዎን ታለሰልስልዎታለች።»

«እኔን? ደህና ነኝ እኮ፣ እትዬ!»

«ታዲያ ድምፅዎ የት ገባ?»

ሰውየው ሳቀ። «በዓይኔ ነው የማነበው። መጻሕፍት በምንገለብጥበት ሥራ ቤት ብዙ ጸሐፊዎች አንድ ክፍል ውስጥ ነን። ሁሉም የያዘውን እየጮኸ ሲያነብ፣ እኔ አንድ ቀን የጎኔን ሰው ሰምቼ ዳዊት መካከል የበግ እከክ መድኃኒት ጻፍኩበት። ከዚያ ወዲያ አለቃችን አፋችሁን ዝጉ አሉን።»

«በዓይን!» አለች እጇን አፏ ላይ ጭና። «ብቻዎን እንደ መብላት እኮ ነው!»

ጸሐፊው አፈረ። «ጎረቤት እንዳልረብሽ ብዬ ነበር። ምን ላንብብልዎት?»

«መርከቧን።»

ድምፁ መጀመሪያ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ሲንቋቋ ማሩን ጠጣላት። ባሏም ሊጠራት መጥቶ በሩ ላይ ቀረ። ማዕበሉ ተነሣ፤ መቅዘፊያው ተሰበረ፤ ባልየው ሳያውቀው መቃኑን ጨበጠና ሰማያዊ እጁን አተመበት። ኋላ ነፋሱ ዞረ፤ መርከቧም ተንገዳግዳ ወደቡ ገባች።

«ተመስገን!» ሸማኔዋ እንባዋን ጠረገች።

«ባለፈው ሳምንት እኮ ነው የደረሱት» አለ ጸሐፊው ግራ ገብቶት።

«እርስዎ ዘንድ ነዋ! እኛ ዘንድ ገና አሁን መግባታቸው ነው» ብላ እልልታዋን አቀለጠችው።

ጎረቤት ሁሉ ከየደጁ ብቅ ብቅ አለ። «ማን ወለደ? ማን ወለደ?»

«ማንም አልወለደም!» ብሎ ጮኸ ክር አቅላሚው፣ ከሚስቱ ብሶ። «መነኮሳቱ ናቸው፣ በሰላም ገቡ!»