ለሎሚዋ የሚሆን ውሃ

አማቴ የዓይናቸውን ሞራ ሊያስገፍፉ ሲሄዱ አደራ ያሉን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በረንዳው ላይ በሸክላ የተተከለችውን ሎሚ። ማበብ ጀምራለች። “ዓይኔ ሲገለጥ መጀመሪያ ማየት የምፈልገው አበባዋን ነው። እስካሁን የማውቃት በአፍንጫዬ ብቻ ነው” አሉ።

ባለቤቴ የቀለም ፋብሪካ ኬሚስት ነው፤ አደራ ሲሰማ ደረቱ ይነፋል። እናቱን ዓይናቸው በፋሻ ታስሮ ወደ ቤት ባመጣናቸው ዕለት፣ እሱ ደግሞ ከፋብሪካው የፒኤች መለኪያ ይዞ መጣ፤ የውሃን ኮምጣጣነት የምትናገር፣ እስክሪብቶ የምታክል ዕቃ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ውሃው ኮምጣጣ ነው። የቧንቧውን ውሃ ለካ፤ ስምንት ከምናምን። “ኖራ በዝቶበታል። ሎሚ ኮምጠጥ ያለ ነው የምትወደው” አለ። የጎረቤት ጉድጓድ ውሃ ደግሞ ባሰ፤ ጨው ጨው ይላል። ጀሪካን ውስጥ የቀረችው የዝናብ ውሃ ስድስት ተኩል ስትል ፊቱ በራ። አንጠፍጥፎ አጠጣትና አዋጅ አወጣ፦ ከእንግዲህ ከዝናብ ውሃ በቀር ሌላ ጠብ እንዳይልባት።

አዋጁ ግሩም ነበር። የጎደለው ዝናቡ ብቻ ነው።

“የቧንቧው ላይ ትንሽ ሎሚ ጨመቅ ብታደርግበትስ?” አልኩት።

“ሎሚን በሎሚ?” አለና ከላይ እስከ ታች አየኝ።

ከውስጥ አማቴ ውሃ አምጡልኝ ሲሉ፣ “መጣሁ እማ፣ እየለካሁ ነው” ይላቸዋል።

ከሰማይ ጠብ አላለም። ቅጠሎቹ ተጠቀለሉ፤ አበቦቹ መርገፍ ጀመሩ። ሴትየዋ ዓይናቸውን ገልጠው ደረቅ እንጨት ሊያዩ ነው። በማለዳ፣ እሱ ሳይነሳ፣ ከቧንቧው በጣሳ ቀድቼ አጠጣኋት። በማግስቱም ደገምኩ። ሎሚዋ ቀና አለች።

“አየሽ?” አለኝ ባሌ። “ሥር ሲጠማው ወደ ታች ጠልቆ ይፈልጋል።”

ከሸክላው በታች ያለው የበረንዳው ሲሚንቶ ነው።

ፋሻው የተፈታ ቀን አማቴን ደግፈን አወጣናቸው። አንዲት አበባ ተርፋ ነበር። ቆመው ሲያዩዋት ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ እኔም አላስቻለኝም። ባሌ ጉሮሮውን ጠረገና፣ “በንጹሕ የዝናብ ውሃ ነው እማ” አለ።

አማቴ ጎንበስ ብለው የሸክላው ከንፈር ላይ የጋገረውን ነጭ ኖራ በአውራ ጣታቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉ።

“ዝናቡ በቧንቧ ነበር እንዴ የሚመጣው?” አሉ። “የታሰረው ዓይኔ ነው፣ ጆሮዬ አይደለም። ያ ቧንቧ ሲከፈት ይጮሃል። ጠዋት አንቺ ነሽ። ማታ ደግሞ ነጠላ ጫማውን እየጎተተ የሚመጣው ይሄ ነው።”

እኔና ባሌ ተያየን። መለኪያውን ከኪሱ አወጣና መልሶ ከተተው።

“ተዉት፣ እሷስ ድናለች” አሉ አማቴ ወንበሩ ላይ እየተቀመጡ። “ጠዋትም ማታም ስትጠጣ ሰንብታለች። እኔ ግን ለአንድ ብርጭቆ ውሃ ሦስቴ ነው የምጣራው። በሉ አሁን እንኳ አምጡልኝ፤ ሳትለኩት።”