የማይከፈቱት የፎልክማር መስኮቶች

ወንድሜ ፎልክማር ስመ ጥር አርክቴክት ነው። ይህን የምለው ልኮራበት ብዬ አይደለም፤ እሱ ሲያወራው ስለሚረዝም ላሳጥርላችሁ ብዬ ነው። ላይፕሲግ ላይ ቤተ መጻሕፍት፣ ሮተርዳም ላይ የሙዚቃ አዳራሽ፣ ሃኖቨር ላይ ሙዚየም ሠርቷል። ሁሉም ቀለም ያልነካው ኮንክሪትና ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ መስታወት ናቸው። «ሕንፃ መዋሸት የለበትም» ይላል። ኮንክሪት ከሆነ ኮንክሪት ይምሰል፣ ምሰሶም ከሆነ ይሸከም ነው ነገሩ። በዚህች አባባሉ ብቻ የክብር ዶክትሬት ተሰጥቶታል።

እናታችን ኢርምትራውት ግን አንዱንም ሥራውን ወዳለት አታውቅም። በየምርቃቱ ትጠራለች፣ የክት ካፖርቷን ለብሳ ትሄዳለች፣ ከዚያ ጭብጨባው ሳያባራ መስታወቱን በመዳፏ መዳበስ ትጀምራለች።

«ፎልክማር፣ እጀታው የታለ?»

«የለውም እማዬ። አይከፈትም።»

«ታዲያ ሰዉ በምን ይተንፍስ?»

«አየሩን ማሽን ይቀይረዋል አልኩሽ እኮ!»

«ማሽኑ የታመመ ቀንስ?»

ሃኖቨር ላይ ይህን የጠየቀችው ከንቲባው ንግግር እያደረጉ ሳለ ነው። ጆሮዋ ስለደከመ ድምጿ ከማይክሮፎኑ ይበልጥ ነበር። ከንቲባው ንግግራቸውን አቋርጠው እሳቸውም መስታወቱን ዞር ብለው አዩት።

በእርግጥ እናቴ ብቻዋን አይደለችም። እኛ ጀርመን አገር ሰው ጠዋት ፊቱን ሳይታጠብ መስኮት ይከፍታል። ውጭ በረዶ ይጣል፣ ቤት ውስጥ የታመመ ይተኛ፣ መስኮቱ ወለል ብሎ ይከፈትና ቤቱ ይናፈሳል። እናቴ ያልተናፈሰ ቤት ገብታ ሻይ እንኳ አትቀምስም። የወለደችው ልጅ መስኮት የሚደፍን ሰው መሆኑ እስከ ዛሬ አልተዋጠላትም። «በአባቱ ወገን ነው» ትላለች።

ባለፈው ክረምት ደረጃ ላይ ወደቀች። ቤቷ ሙንስተር ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። ሐኪሟ ከእንግዲህ ምድር ቤት ካልሆነ አይሆንም አሏት። ፎልክማር ደግሞ በዚያው ሰሞን እዚያው ከተማ ሐይቅ ዳር የአረጋውያን መኖሪያ እየጨረሰ ነበር፤ ከሁሉ የሚያምረውን የምድር ቤት ክፍል ለእሷ ያዘላት። አንድ ቀን ኩሽናዬ ውስጥ ቆመን ዕቃ ስናጥብ፣ «ዓለም የገባበትን ቤት ሠርቼ እሷን አንድ ቀን እንኳ ደስ ብሏት ስትቀመጥበት አላየሁም» አለኝ። እሱን ማብሸቅ ደስታዬ ነው፤ ያን ዕለት ግን አንጀቴን በላው።

የእናቴ መልስ አጭር ነበር። «እጀታ ካለው እገባለሁ። ከሌለው እዚሁ ደረጃዬ ላይ ልሙት።»

ፎልክማር አሻፈረኝ አለ። አንድ መስኮት ከተከፈተ የማሞቂያው ስሌት ይፋለሳል፣ የሕንፃውም መልክ ይበላሻል ባይ ነው። ተኳረፉ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ የሁለት ኩርፊያተኞች ተላላኪ ሆኜ ከረምኩ። በመጨረሻ ደወለልኝ። «አደረግኩላት! ነገ ይዘሻት ነይ!»

እሁድ ከሰዓት የፕለም ኬክ ይዘን ሄድን። ክፍሉ ደስ ይላል። ሐይቁ እግር ሥር ነው፤ መስታወቱም ላይ የነሐስ እጀታ ያብረቀርቃል። እናቴ ፊቷ በርቶ ጠመዘዘችው። እጀታው ዞረ፤ መስታወቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ሳበችው፣ ገፋችው። ከዚያ መነጽሯን አውጥታ ጎንበስ አለች።

«ፎልክማር፣ ይሄ በሙጫ ነው የተለጠፈው?»

ወንድሜ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ጥሩ ሙጫ ነው እማዬ።»

ሳቄ እንዳያመልጠኝ ወደ ሐይቁ ዞርኩ።

እናቴ አልጮኸችም፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ሕንፃ አይዋሽም ስትል ባይገባኝም አምኜህ ነበር። ለጎረቤቱ ሁሉ ልጄ የማይዋሽ ቤት ነው የሚሠራው እያልኩ አውርቻለሁ። ውሸት መሥራት ሲያምርህ ለእኔ ሠራህ?»

ሳቄ ድራሹ ጠፋ። ፎልክማር ጆሮው ድረስ ቀላ። እጀታውን በእጁ ገንጥሎ ኪሱ ከተተና ኮቱን እንኳ ሳይዝ ወጣ። በእውነት አፈርኩለት፤ አሳዘነኝም።

በሳምንቱ ፎልክማር የላካቸው፣ መስታወቱን ቆርጠው የሚከፈት መስኮት የሚያወጡ ሠራተኞች መጡ። የመጋዙን ጩኸት የሰሙት አረጋውያን በነጠላ ጫማቸው ተሰልፈው «የእኔስ?» ማለት ጀመሩ። ጡረታ የወጡ አንድ ዳኛ እከሳለሁ ብለው ዛቱ። የማሞቂያውን ስሌት የሠራው መሐንዲስ ራሱን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። መስኮቱ ሁሉ እጀታ ተገጠመለት፤ እናቴም ዕቃዋን ጭና ገባች።

በፀደይ የወንድሜን ሥራዎች ለሚሰበስብ ትልቅ መጽሐፍ ፎቶ አንሺ መጣ። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ውስጥ ሰው አይታይም፤ የተዛነፈ ወንበር እንኳ አይፈቀድም። ፎልክማር ራሱ ድሮ ላይፕሲግ ላይ የቆሙ ሙሽሮችን «መስመሩን ጋረዳችሁት» ብሎ ከደረጃው ያባረረ ሰው ነው። ፎቶ አንሺው ካሜራውን አስተካክሎ ሊያነሳ ሲል የእናቴ መስኮት ተበረገደ። ትልልቅ ብርቱካናማ አበባ ያለበት የላባ ብርድ ልብሷ ወጣና ለመናፈስ ኮንክሪቱ ላይ ተዘረጋ።

«ፕሮፌሰር፣ እባክዎ ያንን ነገር ያስነሱልኝ» አለ ፎቶ አንሺው። «የሕንፃው መስመር ጠፋብኝ።»

የወንድሜን ጩኸት ጠበቅኩ። እሱ ግን ብርድ ልብሱን ብዙ ሲያየው ቆየ።

«ተወው» አለ። «እንዲያውም ቀረብ ብለህ አንሳው። እዚህ እናቴ ናት የምትኖረው።»