ከዓርብ እስከ እሑድ

«ካህን ማለት እንደ እርስዎ ነው» አሉ ቄስ ወልደ ዮሐንስ፣ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ለቀስተኛ ሁሉ እንዲሰማቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ልጅዎ በሞተችበት ቀን እንኳ ስልክዎን ዘግተው ከአምላክዎ ጋር ነበሩ። እኔም ከዚህ ሳምንት ጀምሬ እዘጋለሁ።»

ቄስ አምላኩ አንገታቸውን ደፉ። ከሴቶቹ መሐል የተቀመጠችው ሚስታቸው እናኑ የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። ጅጋ ታስተምር የነበረችው አንድ ልጃቸው ሠርክአዲስ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነበር።

ስልክ ቡሬ ገጠር የገባ ሰሞን፣ ቅዳሴ መሐል ጮሆባቸው ቄስ አምላኩ በጣም አፍረው ነበር። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይዘጉታል፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይከፍቱታል። በመሐሉ በሽተኛ ይጠይቃሉ፣ መጽሐፍ ያነባሉ። እናኑም ወዳው ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ባሏ ፊቷን እያዩ ያወሯታል።

ሠርክአዲስን ለገነነ የዳሯት እሳቸው ናቸው። ያስተማሩት ዲያቆን ነበር፣ አንደበቱ የጣፈጠ። በዓመቷ የፊት ጥርሷን ሰበረው፤ አባቷ አስታርቀው መለሷት። ቀጥሎ ክንዷን ሰበረው፤ አሁንም መለሷት። በሦስተኛው ማንንም ሳታማክር ወደ ጅጋ ተቀይራ ሸሸች።

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት ደወለች። የስልካቸው ድምፅ ወደ ውጭ ስለሚሰማ እናኑም ሰማች።

«አባ፣ ገነነ መጥቷል። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሟል። እርስዎን ብቻ ነው የሚሰማ። ይደውሉና ተመለስ ይበሉት።»

«ባልሽ አይደል? ምን ያስፈራሻል? አብረሽው ግቢ።»

«ይገለኛል፣ አባ!»

«የጥሞናዬ ሰዓት ደርሷል፣ ልጄ» አሉና ዘጉት።

እናኑ ጥጥ ትፈትል ነበር። «ዛሬ እኮ ሐሙስ ነው» አለች ቀስ ብላ።

«በዚህ ሳምንት ከሐሙስ ነው።»

መልሳ እንዝርቷን አሾረች።

ቅዳሜ ጧት ገነነ የቤቷን በር ገንጥሎ ገብቶ በቢላዋ ወጋት። የጅጋ መምህራን ለአባቷ ቢደውሉ ቢደውሉ አልሆነላቸውም፤ መኪና ለምነው ሬሳዋን ይዘው መጡ።

«አይዞሽ፣ እታለም» አለች አሁን ድንኳኑ ውስጥ ከእናኑ አጠገብ የተቀመጠችው ጎረቤቷ እልፍነሽ። «እሳቸው ሰምተው ቢሆን ይደርሱላት ነበር።»

እናኑ ነጠላዋን ከአፏ አወጣች።

«ሰምተዋል» አለች።

ለቀስተኛው ሁሉ ወደ እርሷ ዞረ።

«ሐሙስ ነው የዘጉት። እየለመነቻቸው ነው የዘጉባት። እኔም አጠገባቸው ነበርሁ። እኔም ዝም አልሁ።»

ቄስ ወልደ ዮሐንስ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ቄስ አምላኩ ቀና አሉ። ዓይናቸው ደርቋል።

«ይታረቃሉ ብዬ ነው» አሉ። «ባልና ሚስት ናቸው ብዬ።»



ዕድርተኞቹ ምሳ ይዘው ገቡ። እናኑ ሠላሳ ዓመት እንዳደረገችው የእጅ ውኃውን ጆግ አንሥታ ባሏ ፊት ቆመች። ቄስ አምላኩ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

ጆጉን እግራቸው ሥር አስቀምጣላቸው ወደ ቦታዋ ተመለሰች። እጃቸውን እንደ ዘረጉ ቆዩ፤ ተነሥቶ የሚያፈስላቸው አልነበረም።