የፋሲካው ሥጋና የዋልታው አፈር

ለንደን ውስጥ አርችዌይ አካባቢ ያለ አበሻ ሁሉ ባዩን «ዶክተር» ይለዋል። የምን ዶክተር! ባተርሲ ያለ አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ የማቀዝቀዣ ክፍል ኃላፊ ነው። መታወቂያውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ይሄዳል። እዚያው ላቦራቶሪ ለዶክትሬቷ የምትሠራው ሶልያና፣ ለንደን ተወልዳ ያደገች ልጅ፣ መጀመሪያ ትስቅበት ነበር። አሁን ስሙ ሲነሣ ደሟ ይፈላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሶልያና ሰሜን ዋልታ አጠገብ ካለ ደሴት የቀዘቀዘ አፈር ቆፍራ አምጥታለች። በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት በዚያ ውርጭ ውስጥ ስንት ዓይነት ሆነው እንደሚኖሩ ማወቅ ነው ሥራዋ። አፈሩ ከቀለጠ ግን አለቀ። ሙቀት የሚስማማቸው ጥቂቶቹ ይባዙና ሌላውን ያጠፉታል፤ ቀድሞ እነማን እንደነበሩ ማወቅ አይቻልም። የስንት ዓመት ድካሟ፣ ዶክትሬቷም፣ በእነዚያ ሣጥኖች ላይ ነው።

ባዩ ይህን ያውቃል። «ሰው ወርቅ ይቆፍራል፣ የኛ ልጅ ጭቃ ትቆፍራለች» እያለ ግን ሰው ያስቅባታል።

በዚያ ዓመት የኛና የፈረንጁ ፋሲካ አንድ ቀን ዋለ። ባዩ ከማኅበርተኞቹ ጋር በሬ ተቃረጠ፤ ሆዳም አይደል፣ ሁለት መደብ ወሰደ። የቤቱ ፍሪጅ ግን የመደቡን ግማሽ እንኳ አይችልም። ታዲያ ዶክተራችን ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ቅዳሜ ሥጋውን ታክሲ ላይ ጭኖ ላቦራቶሪ ሄደ፣ የልጅቷን ሣጥኖች አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ደረደረ፣ ሥጋውን በቦታቸው ጠቀጠቀ። ለሣጥኖቹ ሌላ ቦታ ሊፈልግላቸው ነበር አሉ። መሐል ላይ ከቤት ስልክ ተደወለለት፣ በሩን ቆልፎ እብስ አለ። በዓሉ እስኪያልፍ ወደዚያ ዝር ያለ የለም።

ሥራ ሲከፈት ሶልያና መጀመሪያ የገባች ጊዜ ሣጥኖቹ ሞቀው፣ አፈሩ ሸትቶ አገኘችው። ማቀዝቀዣውን ስትከፍት ጎድንና ሽንጥ ተቆልሏል። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ባዩ መጣና፣ አያፍርም፣ መብራት ሄዶ ነበር እንበል አላት። እምቢ አለች።

በማግስቱ ከሥራ ወደ ፊንስበሪ ፓርክ ስትመለስ እናቷ እታለማሁ ቤት ሽማግሌ ተቀምጧል። ባዩ ዳር ላይ አንገቱን ደፍቷል። የሽማግሌዎቹ አለቃ አቶ ገብረ መድኅን ገና ከመጀመሪያው የጠየቁት ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ሥጋው ተበላሽቶ እንደሆነ! አልተበላሸም ሲባሉ ተመስገን አሉ። ከዚያ ምክሩ ወረደ። የአገር ልጅ ነው፣ ልጆች አሉት፣ ለአፈር ተብሎ የሰው እንጀራ አይዘጋም። እናቷም ወደ ጆሮዋ አጎንብሳ ለመሥሪያ ቤትሽ መብራት ነው በያቸው፣ ምን አለበት አለቻት።

ሶልያና ተነሥታ የአቶ ገብረ መድኅንን ጉልበት ሳመች። ይቅር ብያለሁ አለች። ምርቃቱ ጎረፈ፣ የባዩም ፊት በራ።

«ይቅርታዬ የልቤ ነው፣ ጋሽ ባዩ» አለች ወደ እሱ ዞራ። «የሆነውን ግን ዛሬ ጠዋት ለላቦራቶሪው አለቃችን ነግሬዋለሁ።»

እናቷ ፊቷን አዞረችባት። አቶ ገብረ መድኅን ነጠላቸውን እያጣፉ ተነሡ፣ ንዴታቸውም ገነፈለ። «ለመሆኑ ሄደሽ ሌላ መቆፈር ምን ይከብድሽ ነበር?»

«የቆፈርኩበት ዳርቻ በረዶው ሟሙቶ ባሕር ገብቷል፣ አባባ። ከዚያ መሬት የተረፈው በሣጥኔ ውስጥ የነበረው ብቻ ነበር።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ያን ሁሉ ሲያወሩ ስለ አፈሩ የጠየቀ አልነበረም።