ፔዳሉን ማን ነካው

የስፌት መኪናዬን ፔዳል አንድ ሰው እየነካካው እንደሆነ ካወቅኩ ሰነበትኩ። ማን እንደሆነም አላጣሁትም፤ የወንድሜ ሚስት ናት። ማስረጃ የሚጠይቀኝ ካለ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? እኔ መመንጠር አልፈልግም።

ከተፈጠርኩ ጀምሮ እጅና እግሬ አጫጭር ናቸው። ቁመቴ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ብዙም አያልፍም። ደንበኞቻችን «ሻለቃ» ይሉኛል፤ ከቁመቴ ትእዛዜ ስለሚበልጥ። አባታችን፣ ነፍሱን ይማርና፣ አናጢ ነበር። እግሬ እንዲደርስልኝ ወፍራም ጣውላ ጠርቦ ፔዳሉ ላይ በብሎን አሰረልኝ። በዚያ ጣውላ ሌላ ሰው ልስፋ ቢል ጉልበቱ ከመኪናው ጋር ይጋጫል። ስለዚህ መኪናው የእኔ ብቻ ነው፤ እንጀራዬም እሱ ነው።

ይቺ ልጅ ወንድሜን አግብታ ሱቃችን ከገባች ወዲህ ግን ዓይኗ መኪናዬ ላይ ነው። «እትዬ፣ ትንሽ ልተካሽ?» «እትዬ፣ እስቲ አረፍ በይ።» ምነው የእኔ ማረፍ እንዲህ አሳሰባት? አፏ ማር ነው፤ ሆዷን ማን አይቶት።

ከዚያ ፔዳሉ ይከዳኝ ጀመር። ረገጥኩት ስል ዝም ይላል፤ ለቀቅኩት ስል መኪናው ይሮጥብኛል። ዕድሜ ልኬን ቀጥ ብሎ የኖረ ስፌቴ ጠመመ። ጣውላውን አላልታዋለች ብዬ ብሎኑን አጠበቅኩ። ማታ ስወጣ በልብስ ጠመኔ ዙሪያውን አሰምርበትና ጠዋት አየዋለሁ። ንቅንቅ አላለም። ይሄ ደግሞ ይበልጥ አስጠረጠረኝ፤ መስመሩን አይታ በልኩ እየመለሰችው ነዋ።

ጫማዬን የሠራልኝን ጫማ ሰፊም አልማርኩትም። ወደ ቤት ስሄድ መንገዱ ሳይጋመስ እግሮቼ ይደነዝዛሉ፣ ይከብዱኛል። ቁጢጥ ስል ወይም ጎንበስ ስል ቀለል ይለኛል፤ ቀና ብዬ ስራመድ ይመለስብኛል። ሰው እንዳይስቅብኝ ጫማዬን የማስር እየመሰልኩ እቀመጣለሁ። «ሶሉን ከማይረባ ጎማ ቆርጠህብኛል» አልኩት። ደህና ነው አለኝ። ምን ይበል ታዲያ? የገዛ ሥራውን ማን ያማል?

በመጨረሻ እጅ ከፍንጅ ልይዛት ቆረጥኩ። ምሳ ልበላ ነው ብዬ ወጣሁና በጓሮ በር ተመለስኩ። ኮቴዬን እንዳትሰማ ጫማዬን አውልቄ ከጨርቅ ጥቅሎቹ ኋላ ቆምኩ። ብዙም አልቆየችም። ግራ ቀኙን አየችና መኪናዬ ጋ ሄደች። ጠዋት የጨረስኩትን ቀሚስ አንስታ ስፌቱን ትተረትረው ጀመር።

«ያዝኩሽ» ብዬ ወጣሁባት። «ሥራዬን እያበላሸሽ ደንበኛ ልታሳጪኝ ነው አይደል?»

እሷ ግን ፊቴን አይደለም የምታየው። «እትዬ፣ እግርሽ።»

«እግሬን ተዪውና መልሺልኝ።»

«እትዬ፣ ደም ነው።»

ዞር ብዬ ሳይ ከጥቅሎቹ እስከ ቆምኩበት ድረስ ወለሉ ላይ ደም ተንጠባጥቧል። የተሰበረ የመኪና መርፌ ተረከዜ ላይ ተሰክቷል። አውቃ ጥላልኝ ነው ብዬ ላስብ ጀምሬ ነበር። እሷ ግን ተንበርክካ እግሬን ጭኗ ላይ አሳረፈችና ነቀለችው። ሲወጣ አየሁት እንጂ አልተሰማኝም። ፈራሁ።

«ስፌቴን መተርተር ከጀመርሽ ቆየሽ?» አልኳት።

«መጥመም ከጀመረ ወዲህ። ደንበኛ ሳያየው አቀናዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አትነግሪኝም?»

«ብነግርሽ ታምኚኝ ነበር?»



ሐኪም ቤት ይዛኝ የሄደችው እሷ ናት። ሐኪሙ የጀርባዬን ራጅ አንስቶ መብራት ላይ ሰቀለው። «እንደ እርስዎ ዓይነት አጥንት ያላቸው ሰዎች የአከርካሪያቸው ክፍተት ከመነሻው ጠባብ ነው» አለኝ። «ዕድሜ ሲመጣ ይበልጥ ይጠብና ወደ እግር የሚወርዱትን ነርቮች ይጫናቸዋል። ጎንበስ ሲሉ የሚቀልልዎት ትንሽ ስለሚከፈት ነው። በቀዶ ጥገና ቦታ ካልተከፈተላቸው እግርዎ ጨርሶ ሊከዳዎት ይችላል። የጠፋው ስሜት ይመለሳል ብዬም ቃል አልገባም።»

አላመንኩትም። ቀዶ ጥገና የሚሠራን ሰው ልቀደድ ወይ ማለት፣ ልብስ ሰፊን ቀሚስ ያስፈልገኛል ወይ ብሎ እንደ መጠየቅ ነው።

አልጋው ላይ አስተኛኝ። «ዓይንዎን ይጨፍኑና፣ እግርዎን በመርፌ ስነካ አዎ ይበሉ።»

ጨፈንኩ። ጠበቅኩ። ምንም የለም።

«አሁንስ?» አለኝ። «እዚህ ጋስ?»

ገባኝ። ሳይነካኝ ነው የሚጠይቀኝ፤ አስፈራርቶ ለቀዶ ጥገናው ሊያስፈርመኝ። «መቼ ነኩኝና ነው?» አልኩት። የወንድሜ ሚስት ራስጌዬ ቆማለች፤ ትንፋሿ ይሰማኛል። ዓይኔን መግለጥ አቃተኝ።

«አንቺ» አልኳት፣ «እውነት እየወጋኝ ነው?»



«እየወጋሽ ነው፣ እትዬ» አለች እያለቀሰች።

ዓይኔን እንደ ጨፈንኩ፣ «መቼ ነው የምትከፍቱኝ?» አልኩት ሐኪሙን።